ፕሮሰሰር ሊቀይሩ ነው? መጀመሪያ ሶኬቱን ያመሳክሩ

ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ በተሻለ ሲተካ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ሶኬቱ ላይ የገጠመ ሁሉ አይሠራም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በቅደም ተከተል ያጣሩ።

1. የማዘርቦርዱን ሞዴል ይወቁ። ሲፒዩ-ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሞዴሉን፣ ቺፕሴቱንና የባዮሱን ቁጥር ያሳያል። ኮምፒውተሩ የማይነሣ ከሆነ ሽፋኑን ይክፈቱ፤ ሞዴሉ ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ላይ ታትሟል።

2. ሶኬቱን ይለዩ። በኢንቴል ኤልጂኤ 1200 የ10ኛና የ11ኛ፣ ኤልጂኤ 1700 ደግሞ ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ያሉት ፕሮሰሰሮች መቀመጫ ነው። ቁጥሩ የመገናኛ ነጥቦቹን ብዛት ይነግራል። የኤኤምዲው ኤኤም4 ዲዲአር4 ራም ሲጠቀም፣ በ2022 የወጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው።

3. ቺፕሴቱን ያረጋግጡ። ብዙዎችን የሚያሳስተው ኤልጂኤ 1151 ነው። 6ኛውና 7ኛው ትውልድ ከ100 እና ከ200 ተከታታይ ቺፕሴቶች ጋር፣ 8ኛውና 9ኛው ግን ከ300 ተከታታይ ጋር ይሠራሉ። 8ኛውን ትውልድ አሮጌው ቦርድ ላይ ቢያስቀምጡት ይገጥማል፤ የኃይል ፒኖቹ አመዳደብ ስለተለወጠ ግን ኮምፒውተሩ አይነሣም።

4. የአምራቹን ዝርዝር ይመልከቱ። በቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሚሠሩት ፕሮሰሰሮች ከሚያስፈልጋቸው የባዮስ ቁጥር ጋር ተዘርዝረዋል። የሚፈልጉት ከሌለበት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

5. ባዮሱን አስቀድመው ያድሱ። አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ይሥሩት። እድሳቱ መሐል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ ይጠቀሙ።

6. ማቀዝቀዣውን ያመሳክሩ። በኤልጂኤ 1200 የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት 75 ሚሊ ሜትር፣ በ1700 ደግሞ 78 ነው፤ አሮጌው ማቀዝቀዣ ማያያዣ ካልተቀየረለት ብዙውን ጊዜ አይገጥምም።

7. በጥንቃቄ ይግጠሙ። ኤሌክትሪኩን ይንቀሉ። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ከሳቡት ፕሮሰሰሩን ይዞት ሊወጣ ስለሚችል ቀስ ብለው እያወዛወዙ ያላቅቁት። በኤልጂኤ ፒኖቹ ሶኬቱ ውስጥ ናቸው፤ በጣት አይንኳቸው። የሦስት ማዕዘን ምልክቶቹን አስተካክለው ፕሮሰሰሩን ሳይጫኑ ያስቀምጡ፤ ከዚያ መቆለፊያውን ይዝጉ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህል የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ፕሮሰሰሩ ላይ ጠብ አድርገው ማቀዝቀዣውን ይሰሩ።

ሲያበሩት ባዮስ ውስጥ ይግቡ። የአዲሱ ፕሮሰሰር ስም በትክክል ከታየና ሙቀቱ እየጨመረ ካልሄደ፣ ሽፋኑን መዝጋት ይችላሉ።