አሠልጣኙን ማን ያሠልጥነው?

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ስፖርት አሠልጣኝነት ትምህርት በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው ጥሩ አሠልጣኝ መሆኑ አይቀርም፤ ፊሽካ ለመንፋት ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ትምህርቱ አስፈላጊ መሆኑን ይቀበላል፤ ነገር ግን ትምህርቱ የጨዋታውን ሕግና የተጫዋቾችን አሰላለፍ በቃል ከመያዝ የሚያልፍ አይመስለውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር መሳታቸውን ነው። አሠልጣኝ ከሁሉ አስቀድሞ መምህር ነው፤ ያውም የሌላ ሰው አካልና ጤና በአደራ የተሰጠው መምህር። ዩኒቨርሲቲም የአሠልጣኝነትን ትምህርት አስተምሬአለሁ ሊል የሚችለው ይህን አደራ ያስተማረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

የነገሩ አጀማመር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ከታሪኩ እንጀምር። የኮሌጅ ስፖርት እንደ ትልቅ ተቋም የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። በመጀመሪያ ቡድኖቹን የሚያቋቁሙትም የሚመሩትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ውድድሩ እየከረረ ሲሄድ ግን ጉዳቱ በዛ። በ1905 በአንድ የውድድር ወራት ብቻ በአሜሪካ እግር ኳስ ምክንያት 18 ያህል ወጣቶች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሐርቫርድን፥ የዬልንና የፕሪንስተንን ኀላፊዎች ወደ ኋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲሻሻል አሳሰቡ። በሚከተለው ዓመት ሕጉ ተለወጠ፤ ኮሌጆቹም አንድ ማኅበር መሠረቱ። ይህም ማኅበር ከ1910 ጀምሮ ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ ልብ ማለት ያለብን የኮሌጅ ስፖርትን በሥርዐት የመምራት ጥያቄ የተነሣው ዋንጫ ስለ ጠፋ ሳይሆን ተማሪ ስለ ሞተ መሆኑን ነው።

አሠልጣኝን በትምህርት ቤት የማዘጋጀት ሐሳብም በዚያው ዘመን የተወለደ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ወወክማ መምህራንንና መሪዎችን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ነበረው። በ1891 ሉተር ጉሊክ የተባሉት የክፍሉ ኀላፊ ጄምስ ኔይስሚዝ ለተባሉት ወጣት መምህር በክረምት ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ እንዲፈልጉ የቤት ሥራ ሰጧቸው። ኔይስሚዝም 13 ሕጎች ጽፈው፥ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በግድግዳ ላይ ሰቅለው የቅርጫት ኳስን ፈጠሩ። ጨዋታው የተወለደው በስታዲዮም ሳይሆን በክፍል ውስጥ፥ ከማስተማር ችግር ነው ማለት ነው።

ኔይስሚዝ በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኑ። የሚያስገርመው ጨዋታውን የፈጠሩት ሰው በዚያ ሲያሠለጥኑ 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ መሸነፋቸው ነው። ነገር ግን ተማሪያቸው ፎግ አለን ከታላላቅ አሠልጣኞች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ከአለን ተማሪዎች ደግሞ አዶልፍ ራፕ በኬንታኪ፥ ዲን ስሚዝ በሰሜን ካሮላይና ስማቸውን አስጠሩ። የኔይስሚዝን ዋጋ በውጤት ሰሌዳ ብቻ የመዘነ ሰው ይህን ሁሉ ፍሬ አያይም።

ከዚያ በኋላ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1919 የአራት ዓመት የአሠልጣኝነት ትምህርት ከፈተ። ኮልማን ግሪፊዝ የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁርም በ1925 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ አቋቋሙ፤ በሚከተለው ዓመት ስለ አሠልጣኝነት ሥነ ልቡና መጽሐፍ አሳተሙ። አሠልጣኝነት በልማድ ብቻ የሚወረስ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሚጠናና የሚመረመር ሙያ መሆን የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አሠልጣኝ እንደ መምህር

ስለ ማስተማሩ ጥበብ ከጆን ዉደን የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። እኒህ ሰው የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር ነበሩ፤ ለእኛ ለሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከ1948 እስከ 1975 ሲያሠለጥኑ ከ1964 ጀምሮ ባሉት 12 ዓመታት ውስጥ 10 ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮና አሸነፉ። ከመጀመሪያው ድል በፊት ግን ብዙ ዓመት ያለ ዋንጫ ሠርተዋል።

ዉደን በየዓመቱ መጀመሪያ ለአዳዲስ ተጫዋቾች የሚሰጡት ትምህርት ካልሲና ጫማ እንዴት እንደሚደረግ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ይሥቅ ይሆናል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ የተጨማደደ ካልሲ እግርን ይልጣል፥ እግሩ ውኃ የቋጠረ ተጫዋችም መለማመድ አይችልም። ትልቁ ሥራ ከትንሹ ይጀምራል።

በመጨረሻው የሥራ ዘመናቸው ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 15 ልምምዶችን ከሜዳው ዳር ተቀምጠው ተመለከቱ፤ አሠልጣኙ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትንም እያንዳንዱን መዘገቡ። ካገኟቸው 2,326 የማስተማር ድርጊቶች ግማሽ ያህሉ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚገልጹ አጫጭር ትእዛዞች ነበሩ። ሙገሳ ከመቶ 7 ያህል ብቻ ነበር፤ ቁጣም ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም። ተጫዋች ሲሳሳት ዉደን ትክክለኛውን ያሳያሉ፥ ስሕተቱን ያሳያሉ፥ እንደገና ትክክለኛውን ያሳያሉ፤ ይህም ሁሉ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል። ጠዋት ከረዳቶቻቸው ጋራ ተቀምጠው የዕለቱን ልምምድ በደቂቃ ከፋፍለው በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፉ ነበር። እንግዲህ በሜዳ ዳር መጮኽን የአሠልጣኝነት ምልክት አድርጎ የሚቈጥር ሁሉ ይህን መዝገብ ቢያስብበት መልካም ነው።

አሠልጣኝ እንደ ባለ አደራ

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ደርሰናል። ከሌሎች መምህራን ይልቅ አሠልጣኝ በተማሪው ላይ ሥልጣን አለው። ማን እንደሚሰለፍና ማን እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆችም የተማሪው ነጻ የትምህርት ዕድል በእርሱ አስተያየት ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሕመሙን ይደብቃል፤ «ደክሞኛል» ማለትን እንደ ፈሪነት ይቈጥረዋል። መሪነት የሚፈተነው በዚህ ቦታ ነው።

በ2018 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት የእግር ኳስ ተጫዋች በሩጫ ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። በተደረገው ምርመራ ከታመመበት ሰዓት ጀምሮ በአምቡላንስ እስከ ተወሰደበት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ማለፉ፥ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥም አለመነከሩ ታወቀ። ዩኒቨርሲቲውም በሕግም በሕሊናም ኀላፊ መሆኑን በይፋ አመነ።

ይህን ሞት የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስቈጣ የሚያደርገው መድኀኒቱ የታወቀ መሆኑ ነው። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ሰውየው መንገዳገድ ወይም መቃዠት ከጀመረ በሙቀት እንደ ተመታ ይገመታል። ያን ጊዜ የሚደረገው እዚያው ሜዳ ላይ በረዶ በተጨመረበት የውኃ ገንዳ ውስጥ ወዲያው መንከር ነው፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፥ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የቀዘቀዘ ሰው የመዳን ተስፋው እጅግ ከፍ ያለ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋልና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ ቀለል ማለት አለበት። ይህን ሁሉ ለመማር የሚበቃው ጊዜ ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። አንድ ሳምንት ትምህርት አንድ ነፍስ የሚያድን ከሆነ «ፊሽካ ለመንፋት ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ላሉት መልሱ ይኸው ነው።

የአገራችን ምስክርነት

ወደ አገራችን ስንመለስም የምናገኘው እውነት ይኸው ነው። በ1960 በሮም አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም የተደነቀው በባዶ እግሩ ነበር። እኛ ደግሞ ልናደንቅ የሚገባን ውሳኔውን ነው። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላስቸገረው እርሱና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የለመደውን መረጡ፤ አሠልጣኙ ከሰው ዐይን ይልቅ የሯጩን እግር ሰሙ።

ከዚያ በኋላም በሀንጋሪ የተማሩት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬ ደራርቱ ቱሉንና ኀይሌ ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ ሯጮች ያሉበትን ቡድን አሠለጠኑ። በበቆጂ ደግሞ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ደራርቱን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። አንዱ ከፍተኛ ትምህርት ወደ ቡድኑ ያመጡ፥ ሌላው ከትምህርት ቤት ግቢ የጀመሩ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መምህርነት ነው።

እንዴት እናስተምረው?

እኛ እንደሚመስለን የአሠልጣኝነት ትምህርት አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት።

1ኛ፤ ስለ አካል ማወቅ። ልብና ሳንባ፥ ጡንቻና አጥንት እንዴት እንደሚሠሩ፥ ድካም እንዴት ብርታትን እንደሚፈጥር፥ ዕረፍት የሌለበት ድካም ግን እንዴት እንደሚጎዳ።

2ኛ፤ ስለ ማስተማር ማወቅ። አንድን ችሎታ ከፋፍሎ ማሳየት፥ በአጭር ቃል ማረም፥ የዕለቱን ልምምድ አስቀድሞ በጽሑፍ ማዘጋጀት።

3ኛ፤ ስለ መሪነት ማወቅ። የሥልጣንን ወሰን መለየት፥ ገንዘብን በሐቅ መያዝ፥ ተጫዋቹ ፈተናውን እንዳያጣ መከታተል፥ ሐኪም «አይጫወት» ሲል ያለ ክርክር መቀበል።

4ኛ፤ በሥራ መለማመድ። ዋና ልብ አይቶ እንደማይማር ሁሉ አሠልጣኝነትም ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ተማሪው ቢያንስ አንድ ዓመት በልምድ በበሰለ አሠልጣኝ ሥር ሠርቶ፥ ያቀደውንና የሆነውን እያነጻጸረ መዝገብ ይያዝ።

ፈተናውም የቡድኑ ውጤት መሆን የለበትም። ውጤት በተጋጣሚው ብርታትም በዕድልም ይለወጣል። መመዘን ያለበት ተጫዋቾቹ በዓመቱ መጨረሻ በዓመቱ መጀመሪያ የማይችሉትን መቻላቸው፥ ጤናቸው መጠበቁና ከትምህርታቸው አለመቅረታቸው ነው።

ገንዘብ የለም፥ መሣሪያ የለም የሚባለውን እናውቃለን። ነገር ግን የዉደንን ልምምድ ያጠኑት ሰዎች የያዙት ወረቀትና እርሳስ ነበር፤ የውኃ ገንዳና በረዶም የትም ይገኛል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ አሠልጣኝነትን እንደ ትምህርት የመቁጠር ፈቃድ ነው። ስለዚህ ተማሪ ጓደኞቻችን በየክፍላችሁና በየቡድናችሁ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ እንድትወያዩ እንጋብዛለን።

ሀ) በአንድ ልምምድ ላይ ከሜዳው ዳር ቆማችሁ የአሠልጣኛችሁን ቃላት ቍጠሩ። ስንቱ ትምህርት፥ ስንቱ ሙገሳ፥ ስንቱ ቁጣ ሆኖ አገኛችሁት?

ለ) አንድ ተጫዋች በልምምድ ላይ ቢወድቅ ማን ምን ያደርጋል? መልሱ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ተለጥፏል?

ሐ) አሠልጣኙ ሳይቈጣው «ዛሬ አልቻልኩም» ብሎ ለመናገር የሚደፍር ተጫዋች በቡድናችሁ ውስጥ አለ? ከሌለ ምክንያቱ ምንድን ነው?