ከፈረስ መጋላ እስከ ድልድዩ፦ የመንገድ ጥገና ቅደም ተከተል

ሐረርን የጎበኘ ሰው ፈረስ መጋላን ሳያይ አይመለስም። «መጋላ» በሐረሪዎች ቋንቋ ገበያ ማለት ሲሆን፣ ስሙም ስፍራው ቀድሞ የፈረስ ገበያ እንደነበር ይመሰክራል። ከሐረር በር ተነሥቶ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚያልፈው ዋናው የመኪና መንገድ የሚደርሰው እዚህ አደባባይ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ፣ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ግርግር ጨምሮ፣ የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብና በአብዛኛው ለእግረኛ የሚመቹ ናቸው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ቢፈጠር ማን ይደፍነዋል? መቼ? ከየትኛው ሥራ ቀጥሎ? የመጀመሪያው የአስተዳደር፣ ሁለተኛው የአየር ጠባይ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሒሳብ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም ለመዳሰስ እንሞክራለን፤ ይበልጥ የምንቆየው ግን በሦስተኛው ላይ ይሆናል።

ውኃ፣ ጎማና ድንጋይ

ብዙ ሰው መንገድን የሚያበላሸው የመኪና ብዛት ብቻ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ ያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል። በመሆኑም የ10 ቶን አክስል ከ5 ቶን አክስል ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ 2 እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ነው። ግማሽ ቶን ከሚጫነው የቤት መኪና አክስል ጋር ካነጻጸርነው ደግሞ 160,000 እጥፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጎማው ብቻውን አይደለም፤ ተባባሪ አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። በስንጥቅ የገባ ውኃ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን አፈር ሲያርስ የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የተያያዙበት ሰበቃ ይዳከማል። ጎማው ሲጫነውም ውኃው በግፊት ይወጣና ደቃቁን አፈር ይዞ ይሄዳል። በሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ አስፋልቱም አንድ ቀን ይሰምጣል። ስለዚህ በመንገድ ጥገና ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ስንጥቁን በወቅቱ በሬንጅ መድፈንና የጎርፍ መውረጃ ቦዩን መጥረግ ነው።

እርጥብ ጉድጓድ ላይ የተደፋ አስፋልት ለምን ቶሎ እንደሚነሣ ታዝባችሁ ይሆናል። ድንጋይ ከሬንጅ ይልቅ ከውኃ ጋር መጣበቅ ይቀለዋል። ይህ ባሕርይ በተለይ ሲሊካ በሚበዛባቸው እንደ ግራናይት ባሉ ድንጋዮች ላይ ይጎላል፤ የኖራ ድንጋይ ሬንጅን የተሻለ ይይዛል። ከሐረር ወደ ጅጅጋ ስንጓዝ ከባቢሌ አልፎ በዳካታ ሸለቆ የምናያቸው ተደራርበው የቆሙ ውብ ቋጥኞች ግራናይት ናቸው። ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም እንዲህ ያለ ድንጋይ ተፈጭቶ ለአስፋልት ሲውል ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል።

የመንገዱ ባለቤቶች

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመበት ዋና ምክንያት ጥገና ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት መንገዶች በጦርነትና ጠባቂ በማጣት ተበላሽተው ስለነበር፣ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ የሆነው 5 ሚሊዮን ዶላር የዋለው ለመንገድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይባላል። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋምም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለፌዴራል መንገዶች 70፣ ለክልሎች 20፣ ለከተሞች 10 በመቶ እንዲከፋፈል ተደርጎ ነበር።

ክፍፍሉ ለገንዘብ ያመቻል፤ ውኃ ግን ወሰን አያውቅም። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋና ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚደርሱት ዋና መንገዶች የፌዴራሉ ናቸው፤ የከተማው ውስጥ መንገድ የከተማው ነው፤ ቧንቧው የውኃ አገልግሎቱ ነው፤ የጀጎል ግንብና በውስጡ ያለው ሁሉ ደግሞ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከፈረስ መጋላ ቦይ የተጠረገው ደለል ከታች ባለው ቱቦ አፍ ላይ ቢራገፍ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ያጸዳው የሌላው ጎርፍ ይሆናል። በመሆኑም ቦይ የሚጠረገው ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሮ ወደ ላይ ነው።

ወሳኙ መስመር

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የዱፖንት ኩባንያ የኬሚካል ፋብሪካዎቹን ግንባታና ጥገና ለማቀናጀት አንድ ስሌት ተቀየሰ። እኛም ስሌቱን ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው መንገድ ላይ እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው።

ቦዩን መጥረግ 6 ቀን ይፈጃል እንበል። ከመንገዱ ሥር ያረጀውን ቧንቧ መለወጥ 10 ቀን፣ የተቆፈረውን በየንብርቡ እየጠቀጠቁ መሙላት 4 ቀን፣ ሬንጅ፣ ጠጠርና ሮለር ማቅረብ 12 ቀን፣ አስፋልት ማልበስ ደግሞ 5 ቀን ይወስዳል። ጠረጋው፣ የቧንቧው ሥራና አቅርቦቱ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ሊጀመሩ ይችላሉ። ሙሌቱ ግን ቧንቧውን ይጠብቃል፤ ማልበሱ ሁሉንም ይጠብቃል።

አሁን ሦስት መስመሮች አሉን፦ ጠረጋና ማልበስ 11 ቀን፤ አቅርቦትና ማልበስ 17 ቀን፤ ቧንቧ፣ ሙሌትና ማልበስ 19 ቀን። ሥራው የሚያልቀው በረጅሙ መስመር ነው፤ እርሱም ወሳኝ መስመር ይባላል። ጠረጋው 8 ቀን ቢዘገይ ማንም አይጎዳም፤ የቧንቧው ሥራ በ3 ቀን ቢዘገይ ግን ጠቅላላው ሥራ በ3 ቀን ይዘገያል። ብልህ አስተባባሪ ጠዋት ተነሥቶ የሚደውለው ለቦይ ጠራጊዎቹ ሳይሆን ለቧንቧ ሠራተኞቹ ነው።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአስፋልቱ ክፍል «ቧንቧው በኋላ ይደረስበታል» ብሎ ቢቀጥል በ17 ቀን ይጨርሳል። 2 ቀን ያተርፋል፤ ሪፖርቱም ያምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቧንቧው ሲፈነዳ ግን አዲሱ አስፋልት ይቆረጣል። የተቆረጠው ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢደፈን በግራና በቀኝ ሁለት ስፌት ይቀራል፤ ውኃም የሚገባው በስፌቱ ነው። በየከተማው አስፋልት ተነጥፎ ወዲያው ሲቆፈር አይተን የምንስቅበት ነገር መነሻው ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ይህ የ2 ቀን ትርፍ ይመስለኛል።

ወንዙ ሲደርቅ

የድልድይ ጥገና ቅደም ተከተል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የጎርፍ ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልል የሚችለው ድንጋይ ክብደት በግምት 64 እጥፍ ይሆናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ከደንገጎ አካባቢ ተራሮች ወርዶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ ጉልበቱ ከዚህ የመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ውኃ በድልድይ ምሰሶ ዙሪያ እየተሽከረከረ መሠረቱን ይቦረቡራል። እ.ኤ.አ. በ1987 በኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ወንዝ ድልድይ ወድቆ 10 ሰዎች የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

በምሥራቁ አገራችን ወንዞቹ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆኑ መርማሪው በእግሩ ከምሶሶው ሥር መድረስ ይችላል። ነገር ግን ጎርፉ ሲጎድል የቦረቦረውን ጉድጓድ በአሸዋ መልሶ ይሞላዋል። ለዓይን ደህና የሚመስለው መሠረት ልል አሸዋ የተኛበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በብረት ዘንግ እየወጉ ጥልቀቱን መለካት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መቼ ነው? ሐረር በበልግም በክረምትም ዝናብ ታገኛለች፤ አመቺው ደረቅ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጨረታው 7 ወር ከፈጀ ተቋራጩ መሣሪያውን ይዞ የሚደርሰው የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። ስለዚህ የጥገናው ዝርዝርና የጨረታ ሰነዱ ከሐምሌ በፊት፣ ባለፈው በጀት ዓመት መጨረሻ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ የድልድዮቹ ምርመራም ቀደም ብሎ በደረቁ ወቅት መጠናቀቅ አለበት።

አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ነገር እንዲያሰላ እንተውለት፦ በምሳሌያችን ሬንጁ በ12 ሳይሆን በ16 ቀን ቢደርስ ወሳኙ መስመር የትኛው ይሆናል? የቧንቧ ሠራተኞቹስ ስንት ቀን መዘግየት ይችላሉ?