ስብ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ስለሚያልፍበት መንገድና ስለሚገጥመው እክል

እንግዴ ልጅን ብዙ ሰው ተመልክቶት አያውቅም፤ ያየውም ቢሆን ቶሎ እንዲቀበር ከማዘዝ በቀር ልብ ብሎ አይመረምረውም። እኛም በውጭ አገር ስንማር መምህራችን በሰሐን አድርጎ እስኪያሳየን ድረስ እንደዚሁ ነበርን። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ወርዱም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ አካል ለጽንሱ ሳንባም ኩላሊትም አንጀትም ሆኖ ያገለግላል። የእናትና የልጅ ደም በውስጡ ጎን ለጎን ይፈሳሉ እንጂ አይቀላቀሉም፤ የሚሻገረው ሁሉ በስስ ገለፈት በኩል ያልፋል።

ኦክሲጅንና ስኳር በቀላሉ ይሻገራሉ፤ የስብ ነገር ግን ሌላ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ትሪግሊሰራይድ የተባለው ስብ በእናቲቱ ደም ውስጥ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም በሽታ ሳይሆን ለልጁ የተሰናዳ ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስብ እንዳለ ሊያልፍ አይችልም። ግንድ ሳይፈለጥ ወደ ምድጃ እንደማይገባ ሁሉ፣ በእንግዴ ልጁ ገጽ ላይ ያሉት ሊፔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች አስቀድመው ይፈልጡትና የስብ አሲድ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ተሸካሚ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ያስገቡታል። የገባውም ሁሉ ለልጁ አይደርስም፤ ከፊሉን እንግዴ ልጁ ለራሱ ጉልበት ያነደዋል፣ ከፊሉን በጠብታ መልክ ያከማቸዋል፣ የቀረውን ያሳልፋል። ከሚያልፈውም ውስጥ ለአንጎልና ለዓይን መሠሪያ የሚሆነው ዲ.ኤች.ኤ. የተባለው ስብ ይገኛል። (ይህ ስብ በተለይ በዓሣ ውስጥ አለ፤ ተልባም ጥሬ ነገሩን ይይዛል፣ ነገር ግን ሰውነታችን ከዚያ ሊለውጥ የሚችለው ጥቂቱን ነው።) ኮሌስትሮልንም እንግዴ ልጁ ከእናቲቱ ደም ወስዶ ማኅፀንን በጸጥታ የሚያኖረውን ፕሮጄስቴሮን ይሠራበታል።

በእርግዝና ጊዜ የስኳር በሽታ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይናጋል። የዴንማርኩ ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የእናቲቱ ስኳር ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ ጽንሱ የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፣ ኢንሱሊንም ስብን ያከማቻል። ከእርሱ በኋላ የተደረገው ምርምር ደግሞ በእናቲቱ ደም የበዛው ስብም ድርሻ እንዳለው አሳየ። እንግዴ ልጁ ይከብዳል፤ ሕፃኑም ከ4 ኪሎ በላይ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ጎረቤት «እንዴት ያለ ድንቡሼ!» ብሎ እልል ይላል፤ ነገር ግን በእትብቱ ደም ውስጥ ዲ.ኤች.ኤ. አንሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ በተወለደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ወፍራም ሕፃን ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው እክል ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው የእርግዝና የደም ብዛት ነው። እዚህ ላይ ስቡ የሚበድለው ባልተገባ ስፍራ በመገኘቱ ነው። በጤናማ እርግዝና ወደ እንግዴ ልጁ የሚያደርሱት የእናቲቱ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በዚህ በሽታ ግን ጠባብ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ በአንዳንዶቹም ግድግዳ ስብ የሞላባቸው ሕዋሳት እንደ አረፋ ይከማቻሉ። ደም ያንሳል፤ እንግዴ ልጁ ይራባል፤ ከእርሱ የሚወጣውም ነገር የእናቲቱን ደም ሥሮች ሁሉ ያውካል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንቷ ፕሮቲን ከተገኘ በሽታው ይህ ነው። ጽኑ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ያንዘፈዝፋታል፤ ሰውም ጋኔን ያዛት ይላል። ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት ይህን መንዘፍዘፍ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች ላይ ተፈትኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። በሽታው ከሥሩ የሚለቀው ግን እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንዲት መምህርት በስምንተኛ ወሯ በሰሌዳ ላይ የጻፈችው ፊደል ይደራረብባት ጀመር። ራስ ምታቱን ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ቀቧት፤ እርሷም ለዓይኗ መነጽር ልትገዛ ወጣች። የመነጽር ሻጩ ፊቷ ማበጡን አይቶ «እትዬ፣ መነጽሩ ይቆይዎ፤ አስቀድመው ሐኪም ይዩ» ብሎ ወደ እኛ ሰደዳት። የደም ግፊቷ 170 በ110 ነበር። መድኃኒቱ ተሰጥቷት በማግስቱ 1,800 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ወለደች። እንግዴ ልጁን በሰሐን አድርገን ተመለከትነው፤ ትንሽ ነበር፣ ደም አጥተው የነጡ ጠጣር ስፍራዎችም ነበሩበት። ልጅቱ ዘንድሮ በእናቷ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገብታለች።