እምቦጭን ከኩሬ ማጥፋት፦ ሥራው ከየት ይጀመራል?



ባለፉት ዓመታት በገጠርም ሆነ በከተማ ዳርቻ የክረምትን ውሃ በኩሬ የሚያጠራቅሙ ቤተ ሰቦች፣ ማኅበራትና ተቋማት እየበዙ መጥተዋል። ለአትክልት፣ ለችግኝ፣ ለከብት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓሣ እርባታ የሚውለው ይህ ውሃ በብዙ ድካም የተገኘ ሀብት ነው። ዳሩ ግን ኩሬው ከተቈፈረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ያልተጠራ እንግዳ ይመጣና የውሃውን ፊት በአረንጓዴ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ እንግዳ፣ ማለትም ስለ እምቦጭ አረም፣ ከመጻሕፍትም ከገዛ ስሕተታችንም የተማርነውን ለማካፈል እንወዳለን። ስለ ጣና ሐይቅ ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን በይበልጥ የምናተኩረው አንድ ቤተ ሰብ ወይም አንድ ማኅበር በገዛ ጉልበቱ ሊቈጣጠረው በሚችለው ውሃ ላይ ነው።

እምቦጭ ምን ዓይነት ተክል ነው?

የእምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ይኸውም የአማዞን ወንዝ ተፋሰስ ነው። ወደ ሌሎች ክፍላተ ዓለም ያዛመተው በዋናነት የሰው እጅ ነው። አበባው እጅግ ያማረ በመሆኑ ሰዎች ለጌጥ ኩሬአቸው እየመረጡ ከአገር ወደ አገር ይዘውት ሄዱ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ግብፅ ደርሶ ነበር። በአገራችን መኖሩ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የተመዘገበው ደግሞ ብዙ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ተክሉን ከሌላው ለመለየት አያስቸግርም። ቅጠሉ ክብ መሰል፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው። ቅጠሉን የተሸከመው አገዳ በመካከሉ አብጦ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላበት ስለሆነ ተክሉ ሳይሰጥም ይንሳፈፋል። ሥሩ ጥቁርና እንደ ላባ የተበጣጠረ ሆኖ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አበባው ፈዛዛ ሐምራዊ ሲሆን በላይኛው ቅጠለ አበባ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። የሰላጣ ራስ የሚመስል፣ ጠጕራም ቅጠል ያለው ሌላ ተንሳፋፊ አረምም አለ፤ እርሱ እምቦጭ ባይሆንም ከዚህ በታች የምንናገረው አብዛኛው ነገር ለእርሱም ይሠራል። በአንጻሩ በኩሬው ዳር የበቀለውን ፊላና ደንገል ከጠላት ጋር ደምሮ ማጨድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እምቦጭ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከእናቱ ሥር ወደ ጎን በሚዘረጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ አዲስ ተክል በማውጣት ነው። ውሃው ሞቃትና ምግብ የሞላበት ከሆነ ብዛቱ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ እጥፍ ይሆናል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቍጥር እንመልከት። በመስከረም መጀመሪያ 10 ተክሎች በአንድ ጥግ ቢታዩና በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆኑ፣ ከ20 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም በጥር ወር ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ 10,240 ይሆናሉ። በብርዳማው ደጋ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሁለተኛው መንገድ ዘር ነው። ዘሩ ወደ ታች ይሰጥምና በጭቃው ውስጥ እስከ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን የጣለ እምቦጭ ከአንድ ትውልድ በላይ ሥራ ሊያስከትል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የእኛ ኩሬ

ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን በደል መናዘዝ ተገቢ ይመስለናል። በግቢያችን ውስጥ ርዝመቱ 30 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ኩሬ አለን። ውሃው ለችግኝና ለጓሮ አትክልት ይውላል፤ ጥቂት ቆሮሶም ነበረበት። ከኩሬው ሞልቶ የሚፈሰውን ውሃ ከበታቻችን ያሉ ጎረቤቶች ለከብቶቻቸውና ለመስኖ ይጠቀሙበታል። ከመካከላችን አንዱ ከመንገድ ሲመለስ ከአንድ ሐይቅ ዳር አንዲት ባለ አበባ ተክል በፌስታል ይዞ መጣ። ሁላችንም አደነቅናት፤ ስሟን የጠየቀ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት የኩሬው ሁለት ሦስተኛ ተሸፈነ። በዚያ ጊዜ ሁላችንም ወጥተን ለሦስት ቀን ነቀልን፤ የነቀልነውንም ከኩሬው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከመርነው። ከሳምንት በኋላ የወረደው ዝናብ ከክምሩ ግማሹን አጥቦ ወደ ኩሬው መለሰው። የቀረውን በትዕግሥት ከመንቀል ይልቅ አንድ ሰው በነገረን መሠረት የአረም ማጥፊያ መድኃኒት በሙሉ ኩሬው ላይ በአንድ ቀን ረጨን። አረሙ ጠወለገ፣ ሰጠመ፣ በሰበሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማለዳ ስንወርድ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው አገኘናቸው። ከበታች ያሉት ጎረቤቶቻችንም የውሃው ሽታ ለምን እንደ ተለወጠ ሊጠይቁን መጡ። የምንመልሰው አጥተን ቆምን።

የዓሦቹ ሞት ምክንያት ኋላ ገባን። ብዙ የበሰበሰ ተክል በአንድ ጊዜ በውሃ ውስጥ ሲገኝ የሚያበሰብሱት ረቂቃን ሕዋሳት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰው ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በመሆኑ ዓሣ የሚሞተው በዚያ ሰዓት ነው። የኬሚካሉ ጕዳት ሲጨመርበት ደግሞ ውሃው ለሰውም ለከብትም አያስተማምንም።

ከላይ የሚመጣውን መመልከት

አንድ ነገር ግን ገና አልገባንም ነበር። እምቦጭ ምግቡን የሚያገኘው ከአፈር ሳይሆን በቀጥታ ከውሃው ነው። ምግቡም በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲሆን፣ እነዚህ ወደ ኩሬ የሚገቡት ከእበት፣ ከመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ከሳሙና ውሃና ከማሳ ታጥቦ ከሚመጣ ማዳበሪያ ነው። የእኛ የከብት በረት ከኩሬው በላይ 40 ሜትር ያህል ርቆ ይገኝ ነበር፤ በክረምት የበረቱ እጣቢ በሙሉ በአንዲት ቦይ ወደ ኩሬው ይወርድ ነበር። በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው እያበላነው ኖረናል ማለት ነው።

ይህ በታላላቆቹ ውሃዎችም የታየ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራውን የአባ ሳሙኤል ግድብ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የአዲስ አበባ ከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት በመሆኑ ለእምቦጭ ከዚያ የበለጠ የሰባ ማሳ ማግኘት ይከብዳል። የከተማውን ፍሳሽ አንድ ማኅበር ሊያስቆመው አይችልም፤ የራሱን በረት ግን ሊያዛውር ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኩሬው ውስጥ ሳይሆን ከኩሬው በላይ ነው። የበረቱን እጣቢ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ መቈፈር፤ እበቱን ሰብስቦ በጕድጓድ ማከማቸት፤ ከኩሬው ጠርዝ ቢያንስ ጥቂት ሜትሮችን ሳይታረስ ሣር እንዲለብስ መተው፤ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ደግሞ ፊላውንና ደንገሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። እነዚህ የአገራችን ተክሎች ደለሉን ያስቀራሉ፣ ከውሃውም ምግብ ይወስዳሉ። እነርሱን አጭዶ እምቦጭን መዋጋት በሩን ከፍቶ ሌባ እንደ መጠበቅ ነው።

የነቀላው ሥራ

ነቀላ ከመጀመሩ በፊት የሥራውን ክብደት መገመት ይጠቅማል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር ላይ ከ200 እስከ 400 ቶን ይመዝናል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ ማለት ነው። እንደ እኛ ያለው 600 ካሬ ሜትር ኩሬ ሙሉ በሙሉ ቢሸፈን ከ12 እስከ 24 ቶን ይወጣዋል፤ በ50 ኪሎ ሸክም ሲሰላ ከ240 እስከ 480 ሸክም ይሆናል። ከዚህ ክብደት 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ፣ የተነቀለው በዳር ተዘርግቶ አንድ ሁለት ቀን ከጠወለገ በኋላ ቢጓጓዝ ሸክሙ እጅግ ይቀልላል። የሚዘረጋበት ቦታ ግን ዝናብ ወደ ኩሬው የማይመልሰው መሆን አለበት። እኛ ይህን ያወቅነው ከላይ በተረክነው መንገድ ነው።

ጊዜው ከማበቡ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አበባ ቢታይ እንኳ ዘር ሳይዝ መቅደም ነው። ረጅም ገመድ ላይ የቀርከሃ ቁራጮች ወይም ክዳናቸው የጠበቀ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ታስረው ከዳር እስከ ዳር ቢዘረጉ፣ አረሙን እንደ መረብ እየገፉ ወደ አንድ ጥግ መሰብሰብ ይቻላል። ከዚያ ረጅም እጀታ ባለው መንሽ ማውጣት ነው። አገዳው እንዳይቈረጥና ሥሩ እንዳይቀር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዲት ቡቃያ ያላት ቁራጭ በቂ ናት። ወደ ውሃው የሚገቡ ሰዎች ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በዚህ አረም ሥር መጠለል ይወዳሉና።

የወጣው አረም ከእበትና ከደረቅ ሣር ጋር ተደባልቆ ጥሩ ብስባሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ዘር የያዘውን ለብቻው አድርቆ ማቃጠል የተሻለ ነው። የፋብሪካ ወይም የከተማ ፍሳሽ ካለበት ውሃ የወጣውን እምቦጭ ለከብትም ለአትክልት ብስባሽም ማዋል አይገባም፤ ተክሉ መርዛማ ብረቶችን ከውሃ የመምጠጥ ባሕርይ አለውና።

ስለ መድኃኒትና ስለ ነፍሳት

የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ፈጽሞ አይሠራም አንልም፤ በሌሎች አገሮች በባለሙያ ቁጥጥር ሲሠራበት ኖሯል። ሰውና ከብት በሚጠጣው፣ ዓሣ በሚረባበት ትንሽ ኩሬ ላይ ግን ያለ ግብርና ባለሙያ ምክርና ያለ ፈቃድ እንዳይሞከር አጥብቀን እናሳስባለን። ሣር በል የሆነው የካርፕ ዓሣ ይበላዋል የሚሉም አሉ፤ ይህ ዓሣ የሚመርጠው ግን በውሃ ውስጥ የሚበቅሉትን ለስላሳ ተክሎች ነው፣ ለእምቦጭ ብዙም ግድ የለውም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቪክቶርያ ሐይቅ ታሪክ ነው። እምቦጭ በዚያ ሐይቅ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ታይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቦችን ዘጋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከነቀዝ ወገን የሆኑ፣ ኒዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዓይነት ጥንዚዛዎች ተለቀቁበት። ትሎቻቸው አገዳውን ሰርስረው ውሃ እንዲገባው በማድረግ ተክሉን ያሰጥሙታል። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ አረሙ እጅግ ቀነሰ፤ ለዚህም ጥንዚዛዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የ1997 እና የ1998 የአየር መናወጥም አስተዋጽኦ እንደ ነበረው የሚናገሩ አሉ። ይሁን እንጂ ወደ ሐይቁ የሚገባው ፍሳሽ ስላልቆመ አረሙ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ ተመለሰ። በአገራችንም ተመራማሪዎች እነዚህን ጥንዚዛዎች ከኡጋንዳ አስመጥተው መርምረዋቸዋል። ዘዴው ዓመታትን የሚጠይቅና የመንግሥት ተቋማት ሥራ በመሆኑ ለግቢ ኩሬ አይስማማም።

ዳሩን መጠበቅ

በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ውሃው ሲሸሽ የሚቀረውን መሬት ባሕር ሸሽ ይሉታል። እምቦጭም ይህን መሬት ይወደዋል፤ በጭቃው ላይ የቀረው ዘር ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላልና። የሐይቁ ዳር ሕዝብ በተደጋጋሚ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምትም በታላቅ ዘመቻ፣ ብዙ አረም በእጁ ነቅሏል፤ አረሙ ግን ተመልሶ መጥቷል። በትንሽ ኩሬም በበጋ ውሃው ሲጐድል የሚገለጠውን ጭቃ በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል። ቡቃያው እንደ ጥፍር ሳለ አንድ ልጅ በአንድ ማለዳ ይለቅመዋል።

በግቢያችን አሁን በየቅዳሜው አንድ ሰው በተራ ኩሬውን ይዞራል፤ ያገኘውንም በደብተር ይጽፋል። በረቱ ወደ ሌላው ወገን ተዛውሯል። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ፣ ከደንገሉ መካከል፣ ሁለት ተክሎች ተገኝተው ወጥተዋል። ቆሮሶውን ገና አልመለስንም፤ የበታች ጎረቤቶቻችን ግን ከብቶቻቸውን እንደ ገና ማጠጣት ጀምረዋል።