እንቅርት ከዘር ይወረሳልን?

በደጋው አገራችን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እንቅርት የታየበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ጎረቤትም ይህን አይቶ፥ «በሽታው በዘራቸው ነው» ሲል ይፈርዳል፤ ልጃቸውም ለጋብቻ በታጨች ጊዜ ይኸው ፍርድ መሰናክል ይሆንባታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ልጅ ከወላጆቹ የሚካፈለው ዘርን ብቻ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ ከአንድ ማሳ ይመገባሉ፤ ወጣቸውንም በአንድ ጨው ያጣፍጣሉ። ስለዚህ ደዌው በቤተ ሰብ መደጋገሙ ብቻውን በዘር ላይ አያስፈርድም። የሁለቱን ድርሻ ለመለየት፥ ዘሩ እንዳለ ሆኖ ኑሮው ሲለወጥ የሚሆነውን መመልከት ያስፈልጋል።

ማሪንና ኪምቦል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ በአክሮን ከተማ ፈቃደኛ ለሆኑ ተማሪ ልጃገረዶች አዮዲን ያለበትን መድኃኒት ሰጡ። ከወሰዱት 2,190 መካከል የአንገታቸው ዕጢ ያደገባቸው 5 ብቻ ሲሆኑ፥ ካልወሰዱት 2,305 መካከል ግን 495 ሆኑ። የልጃገረዶቹ ዘር እንደ ነበረ ነው፤ የተለወጠው ያገኙት አዮዲን ነው። ስዊትዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1922 አዮዲን ያለበትን ጨው ለሕዝብ ማደል ጀመረች።

«እንግዲህ ዘር ድርሻ የለውምን?» ቢባል፥ አለው። አዮዲን ባነሰበት በአንድ መንደር፥ አንድ ዓይነት ምግብ ከሚበሉት መካከል አንዱ ሲታመም ሌላው ይድናል። ሊቃውንት ይህን የሚመረምሩት ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑትን መንትዮች ከሌሎች መንትዮች ጋር በማነጻጸር ነው። ሁለቱም ወገኖች ከየመንትያቸው ጋር በአንድ ቤት ስለሚያድጉ፥ ፊተኞቹ አብልጠው በደዌው ቢመሳሰሉ የዘር ድርሻ ይገለጣል።

ሆኖም ይህ ድርሻ የማይለወጥ ቁጥር አይደለም። አዮዲን ለሁሉ በተዳረሰበት አገር የምግቡ ልዩነት ስለሚጠፋ፥ ከቀሩት ጥቂት ሕሙማን ዘንድ የዘር ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ዘሩ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ «የዘር ድርሻ ይህን ያህል ነው» የሚል ቃል በሰማን ጊዜ፥ «በየትኛው ሕዝብና በምን ኑሮ?» ብለን እንጠይቅ።

መምህራን ሆይ፤ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን ማነስ የፅንሱን አእምሮ ይጎዳል። ትምህርት የከበደውን ልጅ፥ «ከዘሩ ነው» ብሎ መተው እንግዲህ ተገቢ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ይህን ጨው ግዙ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቃችሁ በክዳን ዕቃ አኑሩት፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። አንገቱ ያበጠ ሰው ግን የእብጠቱ ምክንያት ሌላም ሊሆን ስለሚችል፥ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ።