ስፒከሩ አልተበላሸም፤ አዲሱን ዋይፋይ ስለማያውቀው ነው

የዛሬው ትምህርታችን የሚጀምረው ከሳሎናችሁ ነው።

እስቲ ይህን አስቡ። ቤታችሁ አዲስ ኢንተርኔት ገባ። ስልካችሁም ኮምፒውተራችሁም ወዲያው ሠራ። አያታችሁ ቡና ሲያፈሉ የአማርኛ ዜናና ዘፈን የሚሰሙበት ገመድ አልባ ስፒከር ግን ዝም አለ። «ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛ» ተባለ። ቆይ፣ አትጣሉት! ስፒከሩ ደህና ነው።

ለምን ዝም አለ?

ስፒከሩ መጀመሪያ ሲገጠም ሁለት ነገር ተነግሮት ነበር፤ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃሉ፣ ማለትም ፓስወርዱ። አዲስ ራውተር ሲመጣ ሁለቱም ተቀየሩ። ስፒከሩ ግን አሁንም የሚፈልገው የድሮውን ነው። የበሩ ቁልፍ ተቀይሮበት፣ አሮጌውን ቁልፍ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው በሉት። ስልካችሁ ላይ አዲሱን የይለፍ ቃል በጣታችሁ ጻፋችሁ። ስፒከሩ ግን መጻፊያ ስለሌለው በስልክ በኩል ልንነግረው ይገባል።

ምን እናድርግ? (ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ፣ አብራችሁ ሥሩ)

1ኛ. የአዲሱን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ወይም ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

2ኛ. ስልኩን ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር አገናኙ። ለእንግዳ ተብሎ ከተከፈተው መስመር ጋር ግን አይሁን። እዚያ መስመር ላይ ያሉ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ አይተያዩም።

3ኛ. የስፒከሩን አፕ ክፈቱ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዋይፋዩን ቀይሩ።

4ኛ. እምቢ ካለ፣ ከስፒከሩ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብቡና እንደ አዲስ አስጀምሩት። ብዙዎቹ ላይ አንድ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

5ኛ. አሁንም አላገኘውም? ዋይፋይ በተለያየ ሞገድ ይሠራል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ዘገምተኛ ነው፣ ግድግዳን ግን ይበልጥ ያልፋል። ብዙ ትንንሽና አሮጌ ስፒከሮች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ስለሆነ፣ ራውተሩ ላይ እሱ መከፈቱን አረጋግጡ። የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠራ፣ ስፒከሩን ከአጠገቡ አታስቀምጡ።

አቋራጭ መንገድም አለ። ወላጆቻችሁ ለአዲሱ ራውተር የድሮውን ስምና የይለፍ ቃል ሊሰጡት ይችላሉ። አንድም ፊደል ሳይሳሳት ከተጻፈ፣ ብዙ ዕቃዎች ራሳቸው ተመልሰው ይገናኛሉ። ነገር ግን የድሮው የይለፍ ቃል ለብዙ ሰው የተነገረ ከሆነ፣ አዲሱ ይሻላል።

የቋንቋ ትምህርት

«አልባ» ማለት «የሌለው» ማለት ነው፤ ገመድ አልባ፣ ስም አልባ፣ ቤት አልባ።

«ቁልፍ» ብዙ ሥራ አለው፤ የበር ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የስፒከር ቁልፍ። ከላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ «ቁልፍ» የሚለውን ፈልጉና የትኛው እንደሆነ ለዩ።

አሁን ወደ አያታችሁ እንመለስ። እናንተ ትምህርት ቤት ሳላችሁ ስፒከሩ ዝም ቢላቸው፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። በእንግሊዝኛ ብትነግሯቸው ላይገባቸው ይችላል፤ በአማርኛ ግን በስልክ ልትረዷቸው ትችላላችሁ። ለወንድማችሁ፣ ለእህታችሁና ለአያታችሁ የምትሉት አንድ አይደለም፦

ለወንድም፦ ንቀል፣ ጠብቅ፣ ተጫን
ለእህት፦ ንቀዪ፣ ጠብቂ፣ ተጫኚ
ለአያት፦ ይንቀሉ፣ ይጠብቁ፣ ይጫኑ

«እማማ፣ መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉት። ትንሽ ይጠብቁ። አሁን መልሰው ይሰኩት። መብራቱ በራ?»

ጥያቄዎች

1. ስፒከሩ ካልተበላሸ ለምን ዝም አለ?
2. ግድግዳን ይበልጥ የሚያልፈው የትኛው ሞገድ ነው?
3. «ክፈት» የሚለውን ለእህትና ለአያት እንዴት እንላለን?

የቤት ሥራ፦ ቤት ያለ አንድ ዕቃ ምረጡና እንዴት እንደሚከፈት ለአያታችሁ ወይም ለአንድ ትልቅ ሰው በአማርኛ ብቻ አስረዱ። ያቃታችሁን ቃል ጻፉና ይዛችሁ ኑ፤ ክፍል ውስጥ አብረን እንፈልገዋለን።

ለወላጆች፦ ልጆች ሲያስረዱ ቢሳሳቱም እስኪጨርሱ ታገሷቸው። የይለፍ ቃላችሁን ግን ደብተር ላይ እንዳይጽፉት ንገሯቸው።

መልካም ሰንበት!