ጥድ እዚህም አለ!

በዛሬው ትምህርታችን አንድ ዛፍ ብቻ እናጠናለን። አንድ ብቻ! ግን አይታችሁ፣ ነክታችሁ፣ አሽትታችሁ በስሙ የምትጠሩት ይሆናል።

ዛፉ ጥድ ነው። ጥድ ሲባል የገና ዛፍ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። አገር ቤት ግን ትልቅ የደን ዛፍ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል።

አሁን ወደ ዳላስ እንምጣ። ሴዳር ሂል ወይም ሴዳር ሪጅ ፕሪዘርቭ ብትሄዱ «ሴዳር» የሚሉት ዛፍ ሞልቷል። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ «ዝግባ» ይላችኋል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዝግባ የተባለው የሊባኖሱ ሴዳር ነው። የኢትዮጵያ ዝግባ ደግሞ ሌላ ዛፍ ነው። የቴክሳሱ ሴዳር ከሁለቱም አይደለም፤ የጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይንቲስቶች የኢትዮጵያውን ጥድና የዚህን አገሩን ዛፍ «ጁኒፐረስ» በሚባል አንድ ወገን ያስቀምጧቸዋል። ጃንዋሪ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስነጥሰን ብናኝም ከዚሁ ወገን ነው፤ ዘመድ ሁሉ ደግ አይደለማ!

እንዴት ትለዩታላችሁ? ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ ሆኖ ተደራርቧል። ችግኝ ሲሆን ግን እንደ መርፌ ይወጋል፤ ሌላ ዛፍ እንዳይመስላችሁ። ፍሬውን ፈልጉ፦ ሰማያዊ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ከሽምብራ የማይበልጥ። ካጣችሁት ዛፉ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ የምታፈራው ሴቷ ናት። አገር ቤት የሐበሻ ጥድን ከፈረንጅ ጥድ የሚለዩትም በፍሬ ነው፤ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት ደረቅ ነው። ቅጠሉን አሸት አድርጋችሁ አሽትቱት። ፍሬውን ግን እንዳትቀምሱ! ሬድ ሴዳር የሚባለው ውስጡ ቀይ ነው፤ ድሮ እርሳስ ይሠራበት ነበር። የምሥራቅ አፍሪካውም ጥድ ለእርሳስ ይፈለግ ነበር።

ወላጆች፣ ልጆቻችን ቅጠል ያለውን ሁሉ «ዛፍ» ብለው ነው የሚያልፉት። እኛ በክፍል ውስጥ የምናሳየው ሥዕል ነው። የወይራ ጢስ እንዴት እንደሚሸት፣ ሾላ ገበያ ስሙን ከዛፍ እንዳገኘ ከእናንተ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ? መኪና ውስጥም ቢሆን ንገሯቸው።

ጫካ ስትገቡ ከመንገዱ አትውጡ። ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግ አለ፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው፣ የመሃለኛው ዘንግ ረዘም ይላል። ከነኩት ቆዳ ያሳክካል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ባለ ሦስት ቅጠል ሐረግ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

የቤት ሥራ፦ ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ጥድ ፈልጉና ሥዕሉን ሳሉ። ፓርክ ውስጥ ምንም አትቁረጡ። በሥዕሉ ላይ ግንድ፣ ቅርፊት፣ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል፣ ፍሬ ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ወንድ ነው ሴት? እሱንም ጽፋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ።